በጥቁሩ ድንጋይ ዳር ያጠብኋቸው እግሮች

በ2010 ዓ.ም. በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ ከደብረ ታቦር ወደ አፋር በረሃ ወረድሁ። የወረድሁት ለማብሰል ነው። በሥራ ዘመኔ የትም ብሄድ የምሄደው ለማብሰል ነበር።

ዘንድሮ ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ሥራውን ትቻለሁ። ልጄ «እማዬ፣ ተራራ ለተራራ ስትዞሪ የኖርሽውን ጻፊው» አለችኝ። ብዙ ቃል የለኝም። ያለኝን ግን እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ እጽፋለሁ።

ጋሽ ደመላሽ የሚባሉ ሰው በደብረ ታቦር ድንኳንና የማብሰያ ዕቃ ያከራዩ ነበር። ጉናን በእግራቸው ሊወጡ የሚመጡ፣ መንገድ የሚለኩ፣ ወፍ የሚቆጥሩ ሁሉ ወደ እርሳቸው ይመጣሉ። እርሳቸው ድንኳንና በቅሎ ያቀርባሉ፤ እኔ ወጥ ቤት ነኝ። ባሌ ሲያርፍ ልጄ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። እርሷን ለእናቴ ትቼ ሥራ ስጀምር የሠፈር ሰው «ከማታውቀው ወንድ ጋር ተራራ ላይ ታድራለች» ብሎ አማኝ። የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ጸሎትሽን አትተዪ፣ ጦምሽን አትግደፊ፣ ሂጂ» አሉኝ። ሄድሁ። ክፍያው የቀን ነበር፤ ልጄን አስተምሮልኛል። ስለ ክፍያው ይህ ይበቃል።

የመጀመሪያ ሥራዬ ጉና ላይ ለመንገድ ለኪዎች ነበር። ባቄላ ጣድሁላቸው። ከጠዋት እስከ ቀትር ፈላ፤ አልበሰለም። አለቃቸው ቀጭንና ቁጡ ሰው ነበር። አንዷን ፍሬ አፉ ውስጥ አስገብቶ አወጣትና «ይህንን ጠጠር አድርገን መንገዱ ላይ እናልብሰው» አለ። ሰዎቹ ሳቁ፤ እኔ ዞር ብዬ አለቀስሁ።

ጋሽ ደመላሽ መጡና ድስቱን በጣታቸው አንጓ አንኳኩት።

«እዚህ ከፍታ ላይ ውኃው ይፈላል እንጂ ግለት የለውም» አሉኝ። «ባቄላውን ከዋዜማው ዘፍዝፊው። ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫኚ። ያም ካልሆነ ክክ አድርጊው። ለቅሶውን ተይና ድንች ቀቅዪላቸው።»

የጉና ድንች ማን ጠልቶ። አለቃው ሦስት ጊዜ አስጨመረ።

ጋሽ ደመላሽ ሁሉንም ነገር ያንኳኩ ነበር። ለጉልቻ የምንጎልተውን ድንጋይ አንኳኩተው «ይህ ውስጡ ውኃ አለው፣ እሳት ሲነካው ይፈነዳል፣ ጣይው» ይሉኛል። የዳቦውን ጀርባ፣ የድንኳኑን ካስማ፣ የበቅሎዋን ኮቴ ያንኳኩታል። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ይሰማሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚናገሩት። ጠዋት ጫማቸውን ሳያራግፉ አያጠልቁም። የመጨረሻው ሰው ውኃ ሳይጠጣ አይቀመጡም። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ነው መፍራት። አሁን አርጅተው ከልጃቸው ጋር አዲስ ዘመን ከተማ ይኖራሉ፤ ጣራ ገዳም ስሳለም ጎራ እያልሁ እጠይቃቸዋለሁ። ባለፈው ያመጣሁላቸውን ዱባ ተቀብለው አንኳኩና «ትንሽ ቀርቶት ነበር» አሉኝ።

ስለ እግር ማጠብም መናገር አለብኝ፤ ጥፋቴ ከዚያ የመጣ ነውና። እናቴ ቤት እንግዳ ከመንገድ ሲገባ እግሩ ሳይታጠብ ማዕድ አይቀርብለትም። እኔም ይህንኑ ይዤ ተራራ ወጣሁ። ጉና ላይ የምናድርበት ሁሉ ምንጭ አለ። መንገደኞቹ ሲደርሱ ውኃ አሞቅና እያስቀመጥሁ አጥባቸዋለሁ። ፈረንጆቹ መጀመሪያ እግራቸውን ይሰበስባሉ፤ ኋላ ዝም ይላሉ። አንዷ አልቅሳለች። ጋሽ ደመላሽ በዚህ ይኮሩ ነበር። «ድንኳን ማንም ያከራያል፤ እግር የምታጥብ ወጥ ቤት ያለችው እኔ ዘንድ ብቻ ነው» ይሉ ነበር።

እንዲህ እያልሁ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ከዚያ ያ ጥር መጣ።

በከተማችን በየወሩ በእግር የሚጓዙ የመምህራንና የሠራተኞች ማኅበር ነበር። ጉናን ወጥተውታል፤ እስከ ዋንዛዬ ፍል ውኃ በእግራቸው ሄደው ታጥበው ተመልሰዋል። በዚያ ዓመት ወደ በረሃው ወርደው እሳተ ገሞራ ባፈሰሰው ድንጋይ ዳር ድንኳን ሊተክሉ፣ ከዚያም የቀለጠው ድንጋይ ገና ወደሚንቀሳቀስበት ጫፍ በእግር ሊሄዱ ተነሡ። አሥራ አራት ነበሩ። ሐሳቡ የመምህር ታደለ ነው። መምህር ታደለ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ልጄንም አስተምረዋታል። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ጡረታ ይወጡ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ እሳተ ገሞራን በቀይ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲሥሉ ኖረው አንድም ቀን አላዩም። ጉልበታቸውም እንደ ዛሬው የእኔ ጉልበት መታመም ጀምሮ ነበር። ሌላ ዓመት እንደማይቻላቸው እርሳቸውም ያውቁታል፤ እኛም እናውቃለን።

መኪና የሚቆምበት የመጨረሻው መንደር ስንደርስ የአንደኛው መኪና ጎማ ፈነዳ። ጋሽ ደመላሽ ለማሠራት ቀሩ። እኛን ከመንገድ መሪያችን ከሁመድና ከግመል ነጂዎቹ ጋር ወደፊት ላኩን። ሁመድ የዚያው የበረሃው ሰው ነው፤ ረጅም፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ አማርኛ ደኅና አድርጎ የሚያውቅ።

«አሥር ጀሪካን ነው» አሉኝ ጋሽ ደመላሽ። «ከነገ ጀምሮ ለመጠጥና ለማብሰል ነው፤ የዛሬው በየኮዳችሁ አለ። ነገ ጠዋት እስክደርስ ጠብቂው።»

«እሺ» አልሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ድንጋዩን ሳየው ቆሜ አማተብሁ። የታረሰ መሬት ጓሉ እንደ ወጣ ጠቁሮ የቀረ ይመስላል፤ ዳር የለውም። ወዲያ ማዶ ጭስ ይታያል። ካስማ ስለማይገባ የድንኳኑን ገመድ ከድንጋይ ጋር አሰርን። የጎለትሁትም ያንኑ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ሳነሣው እንደ ደረቅ ዳቦ ይቀላል፣ ሳንኳኳው እንደ ሸክላ ይጮኻል። እንደማይፈነዳ ከድምፁ አወቅሁ።

ሰዎቹ እያነከሱ ገቡ። ድንጋዩ ጫማ ይበላል፤ አሸዋው ገብቶ እግራቸውን ልጦታል። አስቤ ያደረግሁት ነገር አይደለም፤ እጄ ነው የሄደው። ሁለት ጀሪካን ቀድቼ አሞቅሁ። ሳፋውን አቀረብሁ። አንድ በአንድ አጠብኋቸው፤ ለእያንዳንዱም ውኃውን ቀየርሁ። በሌላ ሰው እጣቢ ሰው አይታጠብም።

ከመካከላቸው ሰናይት የምትባል ነርስ ነበረች፤ ሳትቀልድ አትውልም። እግሯን ሳፋው ውስጥ አድርጋ ስሜን ጠራችና «እትዬ ይታይሽ፣ ጸሎተ ሐሙስን በጥር አመጡልን» አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ።

መምህር ታደለ መጨረሻ ተቀመጡ። ተረከዛቸው ተሰንጥቋል።

«ነገ አየዋለሁ» አሉኝ፣ እንደ ሕፃን። «ይታይሽ፣ የሣልሁትን ነገ አየዋለሁ።»

ሁመድ ግመሎቹን አስሮ ሲመለስ ቆሞ አየን።

«ተቀመጥ፣ አንተንም ልጠብህ» አልሁት።

«እኔን?» አለና ሳቀ። «እግሬ ታጥቦ የት ሊሄድ ነው?»

ውኃው አሸዋው ውስጥ ሲሰርግ ዝቅ ብሎ አየው። በኋላ እንደነገረኝ የሃይማኖታችን ሥርዓት መስሎት ነበር። የእንግዳን ሥርዓት መንቀፍ ነውር ነው፤ ስለዚህ ዝም አለ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ለጸሎት ተነሣሁ። ሁመድም ተነሥቷል። ትንሽ ራቅ ብሎ ተንበርክኮ መዳፉን አሸዋው ላይ መታ፤ ፊቱንና እጁን በደረቁ አሸ፤ ከዚያ ጸሎቱን ቆመ። ሲጨርስ ጠየቅሁት።

«ምን ማድረግህ ነው?»

«መታጠቤ ነው። ውኃው ለሚጠጣ ሰው ሲሆን አላህ አሸዋውን ይቀበላል።»

እንደ ቀላል ነገር ነው የነገረኝ። እኔ ግን ዞር ብዬ ጀሪካኖቹን አየሁ።

ፀሐይ ስትወጣ ጋሽ ደመላሽ ደረሱ። ሰላምታ ሰጡን፣ ጫማቸውን አራገፉ፣ ቀጥለው ወደ ጀሪካኖቹ ሄዱ። በአንጓቸው እያንኳኩ መጡ። ስምንተኛውን አልፈው ዘጠነኛው ላይ ቆሙ። ዘጠነኛውን ደግመው አንኳኩ። አሥረኛውንም።

«ማን ጠጣው?» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«እግራቸውን አጠብሁበት» አልሁ።

ቀና ብለው አዩኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ተቀመጡ። ከዚያ ሰዎቹን ጠሩ። «የጉዞው ውኃ ጎድሏል» አሉ። «የመመለሻውን ነክቼ ማንንም ወደዚያ አልሰድም። ቅዳሜ ጠዋት መነሣት ግድ ነው፤ ሰኞ ሁላችሁም ሥራ አላችሁ። ጉዞው ቀርቷል።» በምን እንደ ጎደለ አልተናገሩም። ስሜን አላነሡም።

መምህር ታደለ አልተከራከሩም። ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና አጥብቀው ያሰሩትን የጫማ ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ ቋጠሮ በቋጠሮ። ያንን ማየት አልቻልሁም።

ተነሥቼ መካከል ቆምሁ። በብዙ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም።

«ውኃውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «ትናንት እግራችሁን ያጠብሁበት ነው። አገሩ ጉና መስሎኝ ነው። ይቅር በሉኝ።»

ሁሉም ወደ እግሩ አየ። ሰናይት ናት ቀድማ የተናገረችው። «ለዚህ ነው ሌሊቱን ሙሉ እግሬ ያልጠማው» አለች። አንዳንዱ ሳቀ። መምህር ታደለ አልሳቁም፤ አላዘኑብኝምም። «አጥባኛለች፣ እግዜር ይስጣት» አሉ። ይህ ከሁሉ ባሰብኝ።

ከዚያ እግዚአብሔር አንድ ነገር አሳሰበኝ።

«ጋሽ ደመላሽ፣ ዛሬ ማብሰያ የሚሆነው ውኃ ስንት ነው?»

«አንድ ጀሪካን ከግማሽ።»

«ዛሬ ዓርብ ነው፤ ጦም ነው። እሳት አላነድም። ቆሎና ተምር አለ፤ ከትናንቱም ዳቦ ተርፏል። ማብሰያው ለስንት ሰው ጉዞ ይሆናል?»

ጋሽ ደመላሽ ተነሥተው አንዱን ጀሪካን አንኳኩ። መልሱን የሚነግራቸው እርሱ ይመስል ነበር።

«ለአራት። ከሁመድ ጋር አምስት» አሉ። «የቀረው ሰው ከጥላ ካልወጣ።»

ሁመድም ግመል ነጂዎቹ ወደ ጉድጓዱ ወርደው በፀሐይ መጥለቂያ ውኃ ይዘው እንደሚመለሱ ነገረን። ውኃው ጨው ጨው ይላል፤ ግን ውኃ ነው።

«አንዱ መምህር ናቸው» አለች ሰናይት። የተከራከረ የለም። ለሕመምተኛ ታስፈልጋለች ተብሎ እርሷም ተመረጠች፤ ሁለት ጠንካራ መምህራን ተጨመሩ። የቀሩት አሥሩ በዕድሜ ከመምህር ታደለ ያነሱ ናቸው። አንዱ «እኛ ድንጋዩ እስኪቀዘቅዝ ጊዜ አለን» አለ። መምህር ታደለ ጫማቸውን መልሰው አሰሩ።

የቀረነው ድንኳን ጥላ ሥር ዋልን። ረጅም ቀን ነበር። በየሰዓቱ በኩባያ እየለካሁ አደረስሁ። አንዱ እግሩን ዘርግቶ «እትዬ፣ ይኸው እንደገና ቆሸሸ» ይለኛል። ሌላው «ዝም በል፣ ሰምተው እንዳይነሡ» ይለዋል። ቀልዱ ጠቀመኝ። ዝም ቢሉኝ የምሆነውን አላውቅም።

ጋሽ ደመላሽ ከጀሪካኖቹ አጠገብ አስቀመጡኝ።

«እጅሽን አምጪ» አሉ። «ከላይ ጀምረሽ እያንኳኳሽ ውረጂ። ባዶው ቦታ ይጮኻል። ውኃው ያለበት ጋ ስትደርሺ ድምፁ ይታፈናል። እዚያ ላይ ጣትሽን አቁሚ።»

አንኳኳሁ። የመጀመሪያው አልገባኝም። በሦስተኛው ሰማሁት። ጣቴን አቆምሁ፤ ክዳኑን ከፍተው እንጨት አስገብተው ለኩ። ልክ ነበር።

«እኔ ይህን ቀድሜ ማስተማር ነበረብኝ» አሉ። «በእግር ማጠብሽ ስኮራ ረስቼው ነው።» ከዚያ በኋላ ስለ ውኃው አንድም ቀን አላነሡብኝም።

ቀኑን ሙሉ ወደ ጭሱ አይ ነበር። ዳዊት ደገምሁ፤ ለመምህር ጉልበት ለመንሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አምስቱ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ብቅ አሉ። ቆጠርኋቸው። አምስት ናቸው። መምህር ታደለ የሁመድን በትር ይዘዋል። የአንድ እግር ጫማቸው ሶል ቀልጦ ተጣሟል። ፊታቸው አመድ ለብሷል፤ ጥርሳቸው ብቻ ይታያል።

«አዩት?» አልሁ።

«አየሁት» አሉና ድንጋዩ ላይ ዘፍ አሉ። ቆይተው ሳቅ ጀመራቸው። «ይታይሽ፣ ዕድሜ ልኬን ተሳስቼ አስተምሬአለሁ።»

«እንዴት?»

«እንደ ወንዝ ይወርዳል እያልሁ አስተማርሁ። እኔ ያየሁት እንደ ገንፎ ነው። ከላይ ቆዳ ይይዛል፣ ከሥር ቀይ ነው፣ ቆዳው ይሰነጠቅና ትንሽ ወደፊት ይላል። እንደገና ቆዳ ይይዛል። ልክ ገንፎ። አሁን ለስንት ተማሪ ደብዳቤ ልጻፍ?»

«ለልጄ እኔ እነግራታለሁ» አልሁ።

«ጉናም ድሮ እንዲህ ነበር። አንቺ ድንች ስትቀቅይ የኖርሽው በቀዘቀዘ ገንፎ ላይ ነው፤ ንገሪያት።»

ሰናይት «እኔ አንድ ሰው አስታመምሁ» አለች። «መምህርን። ሕመማቸውም አልመለስም ማለት ነው። በሁመድ በትር ነው ጎትተን ያመጣናቸው።»

ጫማቸውን አወለቅሁላቸው። ውኃ አልነካሁም። እግራቸውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁና ለምግብ የያዝሁትን ዘይት ተረከዛቸው ላይ ቀባሁ። ሁመድ አየኝና ራሱን ነቀነቀ፤ በዚህ ጊዜ የተስማማው ይመስላል።

ፀሐይዋ ስትገባ ግመሎቹ መጡ። አራት ጀሪካን ሞልተው አወረዱ። ጋሽ ደመላሽ ለሁሉም በየተራ ቀዱ፤ መጨረሻ እኔ ጠጣሁ፣ ከእኔ በኋላ እርሳቸው። ሲቀመጡ «ነገ ጠዋት የምታንኳኪው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራውን እስከተውሁበት ድረስ፣ በረሃም ይሁን ጉና፣ ውኃውን የምጠብቅ እኔ ነበርሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ተነሣሁ። አባታችን ሆይ ብዬ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አንኳኳሁ። የመመለሻው ውኃ ሙሉ ነበር። የራሴን የጠዋት ድርሻ በኩባያ ቀዳሁና ሁመድ ለጸሎት ወደሚንበረከክበት ሄድሁ።

«ይህ የእኔ ድርሻ ነው፤ ከማንም የወሰድሁት አይደለም» አልሁት። «ዛሬ በውኃ ታጠብ።»

ኩባያውን ተቀበለኝ። ውኃውን አየ፣ እኔን አየ። ግማሹን ጠጣና ቀሪውን መለሰልኝ።

«አንቺ ጠጪው፣ እማ» አለኝ። «እኔ ታጥቤአለሁ።» መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ፤ አሸዋው ገና አልረገፈም።

ጠጣሁት። ከዚያ ጎንበስ ብዬ አሸዋ ዘገንሁና ድስቴን በእርሱ ማጠብ ጀመርሁ።